እናቴ የሐዋን ፀጉር ስታጥብ

ልጅ እያለሁ የሰው ፀጉር ሲታጠብ ማየት አልወድም ነበር። የሰው ስል የማንንም ማለቴ አይደለም፤ የእህቴን የሐዋን ነው። ዛሬ ወጣቶች “ተፈጥሯዊ የፀጉር ማጽጃ” እያሉ በየስልካቸው የሚቀባበሉትን የዳቦ ሶዳ እኔ ያወቅሁት በእናቴ እጅ፣ መርካቶ ውስጥ፣ በእህቴ ራስ ላይ ሲፈስ ነው። እስከ ዛሬ የሶዳ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ የድሮ ነገር ይመለስብኛል። ያ ነገር ቅናት ነው። ስሙን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ያኔም እሱ ነበር።

ቤታችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ከድጃ ከመስጊዱ ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ እርድ፣ ለዳቦና ለቃር የሚሆን ሶዳም ጭምር። ማታ ቤት ስትገባ ከእሷ በፊት የቅመሙ ሽታ ይገባል። ጣቶቿ ከእርዱ ብዛት ታጥበው የማይለቁ ቢጫ ነበሩ። አባቴ ሰይድ እህል በረንዳ ደላላ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ላይ የጤፍ ብናኝ እንዳለ ይመጣል። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንት ውስጥ የኔ የምለው አንድ ሰዓት ነበረኝ፤ የዓርብ ቀትር። ለጁምዓ የመጣው ሰው መስጊዱን ሞልቶ፣ ደጁን ሞልቶ፣ መስገጃው እየተነጠፈ እስከ ግቢያችን በር ይደርሳል። መንገድ ሲዘጋ ሱቅም ይዘጋል። ያን ጊዜ እናቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጣፋጭ ሙሸበክ ይዛልኝ ትመጣለች። ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጥና እኔን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ታበጥረኛለች። ፀጉሬ ከጆሮዬ አልፎ አያውቅም፤ ጥርስ የሚያረግፍ ነው፣ የማበጠሪያ ጥርስ ማለቴ ነው። “ዝም በይ! አትንቀሳቀሺ!” እያለች በማበጠሪያው ጀርባ ቋ ታደርገኛለች። አለቅሳለሁ። ሙሸበኩን እየበላሁ አለቅሳለሁ። ቢሆንም ከሰኞ ጀምሬ የምጠብቀው ያንን ሰዓት ነበር።

ጦርነቱ አልቆ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ የወሎ መንገድ እንደ ልብ ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል አባቴ የሞት መርዶ ደርሶት ወደ አገሩ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ከኋላው አንዲት ልጅ ነበረች። ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ እኔ ዐሥር፣ እሷ ዐሥራ ሁለት።

“እህትሽ ናት። ሐዋ ትባላለች” አለኝ፣ ጫማውን እያወለቀ።

እናቴን ከማግባቱ በፊት አገር ቤት ሚስት ነበረችው። ተፋተዋል። አሁን የሞተችው እሷ ናት። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የግቢው ሴቶች አንዷ ውሃ ልቅዳ፣ አንዷ ልብስ ላስጣ እያለች ሁሉም ወጡ። ሐዋን ለማየት የወጡ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እናቴ ላይ ነበር። የእንጀራ እናት ለባሏ ልጅ የምታደርገውን ሊያዩ ነው የቆሙት። እናቴ ሳፋ አወጣች፣ ሐዋን ቧንቧው ሥር አስቀመጠቻትና ሻሿን ፈታች። የወራት ቅቤ ከመንገድ አቧራ ጋር ተጋግሮ ሹሩባዋ እንደ ገመድ ጠጥሯል። በሳሙና አሸችው። ሳሙናው ቅቤውን አልደፈረውም፤ አረፋ እንኳ አላወጣም።

“ሰአዳ፣ ሂጂ ሶዳውን አምጪልኝ” አለችኝ።

ከሱቅ የተረፈው ሶዳ በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በገዛ እጄ አመጣሁላት። ለብ ያለ ውሃ በሞላው ጆግ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመረች፣ በጠበጠችና ከሐዋ ግንባር ጀምራ ቀስ እያለች አፈሰሰችባት። ቅቤው ለቀቀ። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ጭቃ ይመስል ነበር፤ ሁለተኛው ቀላ አለ፤ ሦስተኛው ጠራ። በመጨረሻ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ አለቀለቀችው። ሹሩባው ተፈቶ ሲዘረጋ ወገቧ ደረሰ።

ሴቶቹ ወደ ሳፋው ቀረብ አሉ። ከዚያ አንዷ “ማሻአላህ!” አለች። ቧንቧው አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ብርቄ፣ በዕድሜ የግቢው ታላቅ፣ “በስመአብ! ከዓይን ያውጣሽ ልጄ!” ብለው አማተቡ። እናቴ ማንንም አላየችም። ያንን እርጥብ ፀጉር በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ፀሐዩ ከፍ ዝቅ ታደርገው ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እኔን ስታበጥር አይቼው አላውቅም። እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ጭንቅላት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የሐዋ ሆነ። በሶዳ የምታጥባት በወር አንዴ ብቻ ነበር፤ በሌሎቹ ዓርቦች ዘይት ትቀባታለች፣ ትከፍላለች፣ ትጎነጉናለች። ያን ሁሉ ፀጉር መጎንጎን ጊዜ ይወስዳል። መስገጃው ተነስቶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ተሸካሚው “ዞር በል!” እያለ መጮህ ሲጀምር እናቴ ገና የሐዋን ግማሽ ራስ አልጨረሰችም። ሙሸበኩ ለሁለት ይከፈላል። የኔ ማበጠሪያ ወደ ማለዳ ተዛወረ፤ ትምህርት ቤት ሊረፍድ ሲል፣ ቆሜ፣ በጥድፊያ። ሐዋን ስታበጥር ግን ከጫፍ ጀምራ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቷ እየፈታች፣ “አመመሽ?” እያለች ነው። አንድ ቀን እንኳ እኔን አመመሽ ብላኝ አታውቅም።

ትምህርት ቤት እንኳ አላረፍኩም። ሐዋን ሁለተኛ ክፍል ሲያስገቧት በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ አራተኛ ነበርኩ። ደስታዬ አንድ ሳምንት አልቆየም። በእረፍት ሰዓት ሱዚ የምንዘል የክፍሌ ልጆች ላስቲኩን ጥለው እሷ ዘንድ ይሄዱ ጀመር። ፀጉሯን ይነካሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ይፈታሉ። “በምንድነው የምትታጠቢው?” ይሏታል። ሐዋ በዚያ በወሎ ዜማዋ “እትዬ ከድጃ ናቸው በሶዳ የሚያጥቡኝ” ትላለች። እናቴን “እትዬ” ነበር የምትላት፤ “እርስዎ” ነበር የምትላት። ያ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው የጎን ተቀማጬ አንድ ቀን ሁለታችንን አፈራርቃ አይታ የጠየቀችኝ ነው፦ “እውነት እህትሽ ናት? ምንም አትመሳሰሉም እኮ።”

እትዬ ብርቄ አኩርፌ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን የሐዋን ሻሽ በራሴ ላይ አስሬ በመስኮት መስታወት ስመለከት ያዙኝና “ሰአዳዬ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ” አሉኝ። ሻሹን አውልቄ ሮጥኩ። ምክራቸው አልገባኝም፤ የገባኝ መታየቴ ብቻ ነበር።

ነገሩን የባሰ ያደረገው አንድ የረመዳን ዓርብ ነው። እናቴ የሐዋን ራስ በሶዳ እያጠበች ሳለ ውሃው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሐዋ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን በባዶው እየዘረጋች፣ “እማዬ! እማዬ ዓይኔን! ጥረጊልኝ!” ብላ ጮኸች። እናቴ ጆጉን ጣለችው። “እኔን! እኔን ልጄ!” እያለች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ሐዋ የተናገረችውን ራሷም የሰማችው አይመስለኝም። እናቴ ግን ሰምታለች፤ የጠረገችውን ዓይን ደግማ ጠረገች። እኔም ሰምቻለሁ። ያ ቃል በዓለም ላይ የኔ ብቻ የሆነ ብቸኛ ነገር ነበር።

የልጅ አእምሮ ሰበብ ሲፈልግ አያጣም። ነገሩ ሁሉ ከሶዳው ነው ብዬ ደመደምኩ። ፀጉር የሚያሳድገው ሶዳው ነው፤ እናቴም ሶዳውን ለእሷ ሰጥታ ለኔ ከልክላኛለች። “ከወር አንዴ አይበልጥም፤ ሲበዛ ፀጉር ይበላል” ብላ ለእትዬ ብርቄ ስትናገር አጠገቧ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ግን አልያዘውም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቆርቆሮው አንድ እፍኝ ወሰድኩና ከማድ ቤቱ ጀርባ ገባሁ። በውሃ ለውሼ፣ እንደ ሊጥ አድርጌ፣ ራሴን ለቀለቅሁት። እስኪደርቅ ቆይቼ ታጠብኩ። ፀጉሬ በጣቴ መሃል ጥርት ብሎ ሲጢጥ ሲል የዳንኩ መሰለኝ። በነጋታው ደገምኩ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ደጋገምኩ። የራስ ቅሌ ሲያቃጥለኝ “እየሠራ ነው” እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ፀጉሬ መጀመሪያ እንደ ጭድ ደረቀ፤ ቀጥሎ እየተሰበረ ማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀመረ። ሻሼን በጣም ወደ ፊት ስቤ ማሰር አመጣሁ። እናቴ የረመዳን ገበያ ይዟት ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ማበጠሩንም ትታዋለች። ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ለበዓል ልትሠራኝ ብላ ሻሼን ፈታችው። ከግንባሬ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም። በጎንና በጎን የቀረውም አይጥ የበላው ይመስላል።

“ማነው? ማነው እንዲህ ያደረገሽ?” ብላ ጮኸች። አባቴ ከውስጥ ወጣ። ሐዋ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አለች። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ሐዋን ሳያት ግን፣ ያ ጉንጉን ትከሻዋ ላይ ተኝቶ ሳየው፣ ሌላ ነገር ወጣ።

“ሐዋ ናት። በመቀስ ቆረጠችኝ።”

“ወላሂ አልነካኋትም!” አለች ሐዋ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። “ወላሂ አባዬ!”

አባቴ ቁጡ ሰው አልነበረም። ከመጣች ጀምሮ ግን እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ እየፈራ ይኖር ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። የፈራው ሲደርስ ለማጣራት አቅም አላገኘም። “ቤቴን ልታፈርሺ ነው ያመጣሁሽ?” አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ዒድን እዚሁ ዋዪ። በማግስቱ አጎትሽ ዘንድ እመልስሻለሁ።” እናቴ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ሐዋ አላለቀሰችም። ከወሎ ይዛው የመጣችውን ፌስታል ከአልጋው ሥር አውጥታ ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ከተተች። እናቴ የገዛችላትን ሁለት ቀሚስ ለብቻ አጥፋ አልጋው ላይ ተወቻቸው። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም።

የዒድ ማለዳ ወንዶቹ ለሶላት ወደ ስታዲየም ሲሄዱ እናቴ ወደ ቧንቧው ጠራችኝ። “ነይ፣ ያለውንም ቢሆን ልጠብልሽ” አለችኝ። ራሴን ሳፋው ላይ ደፋሁ። ውሃው ሲነካው ፀጉሬ እንደ ተልባ ተንሸራተተ፤ ስትስበው ተለጥጦ ተበጠሰ። እጇ ቆመ። በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር እንደዚያ አይሆንም። ጆሮዬን ወደ ፊት አጠፈችውና ከኋላው የደረቀ ነጭ ነገር በጥፍሯ ፋቀች። በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ቅመም ስትገዛ እንደምታደርገው። ከዚያ ምላሷ ላይ ነካ አደረገችው።

“ስንት ቀን ነው?” አለችኝ።

ከሳፋው ቀና ልል ስል መልሳ ያዘችኝ።

“ሰአዳ፣ ስንት ቀን ነው?”

“ሁለት ሳምንት።”

ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታችኝም። የቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። “አንቺ እናት አለሽ፣ አባት አለሽ። ምን ጎደለብሽ?”

“ዓርብን ወሰደችብኝ” አልኳት።

“ዓርብን?” አለች። “እኔኮ መጀመሪያ ያጠብኳት ለሰው ዓይን ብዬ ነው። የእንጀራ እናት ጎዳቻት እንዳይሉኝ። ከዚያ እጄ ለመደ፤ ምን ላድርግ?” ውሃውን ደፋች። “ለአባትሽ እኔ አልነግርልሽም። ያስወጣት ያንቺ አፍ ነው፤ ያንቺው አፍ ይመልሳት።”

ለምሳ ቤቱ በእንግዳ ሞላ፤ የአባቴ የእህል በረንዳ ወዳጆች፣ የእናቴ እህት ከነልጆቿ፣ እትዬ ብርቄም እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ነበር። አባቴ ለእንግዶቹ “ሐዋ ነገ ወደ አገሯ ትሄዳለች” ሲል ሰማሁት። አክስቴ “የሰው ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው” አለች። እትዬ ብርቄ ወደ እኔ አዩና “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሉ። ሐዋ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳህን ይዛ እንግዶቹን ታስታጥብ ጀመር። በተራዬ እኔ ጋ ደረሰች። ከሌላው ሰው ሳትለየኝ፣ ቀና ሳትል፣ ጎንበስ ብላ እጄ ላይ ውሃ አፈሰሰች። “ሳሙናው እዚህ አለ” አለችኝ በቀስታ።

እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። “ሐዋ አይደለችም” አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ጮክ ብዬ ደገምኩት። “ሐዋ አልቆረጠችኝም! እኔ ነኝ፣ ሶዳ ቀብቼ ነው! ዋሽቼ ነው!”

እንግዶቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ከጆሮው ጀምሮ ቀላ። አጥፊውም የሱ ልጅ፣ የተበደለችውም የሱ ልጅ፣ ያውም በእንግዳ ፊት። ሊነሳ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ። ሐዋን ያን ያህል ጊዜ ሲያያት አይቼው አላውቅም።

“ሐዋ፣ ጆጉን አስቀምጪና አጠገቤ ተቀመጪ” አላት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ሐዋ ጆጉን አላስቀመጠችም። “የቀሩትን ሰዎች ላስታጥብና” አለች። አንድም ሰው ሳታስቀር ሁሉንም አስታጠበች። ከዚያ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከፌስታሉ ልብሷን ያወጣችው እናቴ ናት። አባቴ እኔን ሳያናግረኝ ሰነበተ፤ እናቴ የተረፈውን ፀጉሬን በምላጭ ላጨችውና ተልባ እየቀባች አዲስ አስበቀለችልኝ። እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ በቀለ። ሐዋ ቀረች። “እማዬ” ያለችው ግን ያቺ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነች። እንደ መጀመሪያው “እትዬ ከድጃ”፣ “እርስዎ” እንዳለቻት ኖረች። ጨዋ ነበረች፣ ታዛዥ ነበረች፣ ከኔም ጋር በአንድ አልጋ ተኝተን አደግን። ቃሉን ግን መልሳ አላወጣችውም። እናቴ በየወሩ ስታጥባት፣ ውሃው ዓይኗ ጋ ሲደርስ እጇን ዘግየት ታደርግ ነበር። የምትጠብቀውን ነገር አውቅ ነበር። የፈለግሁት ሆኖልኝ ቃሉ የኔ ብቻ ሆነ፤ እናቴን “እማዬ” ብዬ በጠራኋት ቁጥር ግን የሰረቅሁት ዕቃ ይዤ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ሱቋን ልንዘጋ፣ እኔና ሐዋ የቅመም ቆርቆሮዎቿን ስናወርድ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላነሳሁትን አነሳሁና ዐውፍ እንድትለኝ፣ ይቅር እንድትለኝ ለመንኳት።

“እኔስ ስቀናብሽ አልነበር?” አለችኝ።

“በኔ? በምኔ?”

“እትዬ ከድጃ አንድ ቀን መትተውኝ አያውቁም” አለች፣ ቆርቆሮውን እየወለወለች። “እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቀን እንኳ። አንቺን በማበጠሪያ ሲመቱሽ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እንግዳን ማን ይመታል ሰአዳ? የሚመታው የራስ ልጅ ነው።” ከሞተች በኋላ እንኳ “እርስዎ” ነበር የምትላት። አብረን ቆርቆሮ መወልወሉን ቀጠልን።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ቧንቧው በነበረበት ላይ የገበያ ፎቅ ቆሟል። ልጆቼ ሻምፖ ለየብቻቸው አላቸው፤ ለደረቅ የሚባል፣ ለጥቅልል የሚባል፣ ሌላም። በር ዘግተው ብቻቸውን ይታጠባሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ውሃ ስታፈስ አላይም፤ እኔንም አይጠሩኝም። እጄም አልለመደም። ሐዋ ፀጉሯ ሳስቷል፤ ሁለታችንም ሸበትን። በማንም ፀጉር መቅናት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አሁን የምቀናው በዚያች በዐሥር ዓመቷ ልጅ ነው፤ በእናቷ ጉልበት ሥር ለሁለት የሚበቃ ቦታ እያለ፣ ጠቦኛል ብላ ባለቀሰችው።